ከ«ስትሮንግ» ወዲያ፦ የብርታትና የንቃት የእንግሊዝኛ ቃላትን በቦታቸው ማዋል

የማታ ተማሪዎቼን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሳርም አንድ ቃል ገጹን ይሞላዋል፤ «ስትሮንግ»። ዝናቡ ስትሮንግ፣ ሠራተኛው ስትሮንግ፣ ስጋው ስትሮንግ፣ ሕመሙ ስትሮንግ፣ ሰርጉም ስትሮንግ። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። በልጅነታቸው «ስትሮንግ ማለት ጠንካራ ማለት ነው» ተብሎ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጻፈላቸው፤ ከዚያ ወዲህ ቃሉን የሚያግዝ ሌላ ቃል የሰጣቸው የለም። አሁን ግን አንዱ የግንባታ ፎርማን ሆኖ ለውጭ አማካሪ መሐንዲስ ሪፖርት ይጽፋል። ሌላዋ ነርስ ናት። ሌላው ቱሪስት ያስጎበኛል፤ ሌላው የቡና ናሙና ለገዢ ይልካል። እንጀራቸው በዚህ ቋንቋ ላይ የተመሠረተ ሰዎች ለሁሉም ነገር አንድ ቃል ብቻ ይዘው ሲዞሩ ማየት ያሳዝነኛል።

መድኃኒቱ ረጅም ዝርዝር መሸምደድ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። «በስትሮንግ ምትክ የሚገቡ 50 ቃላት» የሚል ገጽ ከስልካቸው ላይ ገልብጠው ይመጣሉ። እኔ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ዝርዝሩ ቃላቱን ሁሉ እኩል አድርጎ ስለሚያሳይ ተማሪው ደስ ያለውን ያነሣና የትም ይተክለዋል። እያንዳንዱ የብርታት ቃል ግን አብሮት የሚኖር ስም አለው፤ ከማያውቀው ስም ጎን ሲቆም አንባቢው ወዲያው ይለየዋል። ስለዚህ ቃሉን ከመምረጣችሁ በፊት «ይህ ብርታት ምን ያደርጋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሸክም ይችላል? ይገፋል? ብዙ ይቆያል? ከወደቀበት ይነሣል? ወይስ ይፈካል፣ ይደምቃል? መልሱ ምርጫችሁን ወደ ሁለትና ሦስት ቃላት ያጠብበዋል። ከእነዚያ መካከል የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው የሚገለጸው ስም ነው።

ከአማርኛው መነሣት

ወደ እንግሊዝኛው ከመሄዳችሁ በፊት በአማርኛ ምን ማለታችሁ እንደሆነ እርግጠኛ ሁኑ። «ጠንካራ» በእኛ ዘንድ ብዙ ሥራ የሚሠራ ቃል ነው። ጠንካራ ስጋ ስንል አልታኘክ ያለ ማለታችን ነው፤ እንግሊዝኛው «ተፍ» ይለዋል። ዶማ የማይበሳው ጠንካራ መሬት «ሃርድ» ነው። ጠንካራ ጠረጴዛና ጠንካራ ጫማ «ስተርዲ» ናቸው። ጠንካራ ማስረጃ «ስትሮንግ» ወይም «ሶሊድ» ይባላል። ጋዜጠኛ ለባለሥልጣን የሚያቀርበው ጠንካራ ጥያቄ ደግሞ እንደ ስጋው «ተፍ» ነው፤ እሱም ቶሎ አይላመጥምና።

«ኃይለኛ» ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በየግቢው በር ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ ተጽፎ እናያለን። ይህን «ፓወርፉል ዶግ» ብሎ የተረጎመ ሰው ስለ ውሻው ጡንቻ ነገረን እንጂ እንደሚናከስ አላስጠነቀቀንም፤ ለሚናከሰው ቃሉ «ፊርስ» ነው። ሰውንም «ኃይለኛ ነው» ስንል ቁጡና የማይደፈር ማለታችን ነው። እንግሊዝኛው «ፓወርፉል ማን» ሲል ግን ሥልጣን ወይም ሀብት ያለው፣ ቃሉ የሚሰማ ሰው ማለቱ ነው። ስለ ቁጡ አለቃችሁ «ፓወርፉል» ብላችሁ ብትጽፉ አሞገሳችሁት ማለት ነው።

ከአየር ጠባይና ከሕመም ጋር ሲሆን «ኃይለኛ» በየስሙ ይለወጣል። ዝናቡ «ሄቪ»፣ ነፋሱ «ስትሮንግ»፣ ትኩሳቱ «ሃይ»፣ ሙቀቱ «ኢንቴንስ»፣ ሕመሙ «ሲቪር» ነው። የሕመም ማስታገሻው ግን ተመልሶ «ስትሮንግ» ይሆናል። ዝናቡ ለምን ከባድ፣ ትኩሳቱ ለምን ከፍተኛ እንደተባለ ምክንያት አትፈልጉ። ልማድ ነው። እኛም ዝናብ «ጣለ» ስንል ማን እንደጣለው አንጠይቅም።

«ጽኑ»ን በሦስት መንገድ ነው የምታገኙት። ጽኑ ሕመም «ሲሪየስ» ወይም «ክሪቲካል» ነው። ጽኑ እምነት «ፈርም» ነው፤ ከፍ ባለ አጻጻፍ «ስቴድፋስት» ይባላል። ጽኑ እስራት ደግሞ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕጋችን የእንግሊዝኛ ቅጂ «ሪጎረስ ኢምፕሪዝንመንት» ነው። እዚህ ላይ ተማሪዎቼ «ሪጎረስ»ንና «ቪጎረስ»ን ያምታታሉ፤ በድምፅ መንትያ ስለሆኑ አይፈረድባቸውም። «ሪጎረስ» ጥብቅ፣ ዝንፍ የማይል ማለት ነው፤ ለምርመራ፣ ለጥናት፣ ለሥልጠና፣ ለቅጣት ይሆናል። «ቪጎረስ» ጉልበትና እንቅስቃሴ የሞላበት ነው፤ ለስፖርት፣ ለክርክር፣ ለተቃውሞ፣ እንዲሁም በደንብ ለሚያድግ ተክል ይሆናል። እስክስታን ለውጭ ሰው ስትገልጹ የትከሻው እንቅስቃሴ «ቪጎረስ» ነው። «ሪጎረስ» የሚባለው ጨፋሪው ለዓመታት ያደረገው ልምምድ ነው።

«ሞቅ ያለ» ሌላው አስደሳች ቃላችን ነው። ሞቅ ያለ አቀባበል ሲሆን እንግሊዝኛው ከእኛ ጋር ይስማማል፤ «ዋርም ዌልካም» ይላል። ሞቅ ያለ ሰርግ ግን «ላይቭሊ» እንጂ «ዋርም» አይባልም። ገበያው ሞቅ ብሏል ስንል ደግሞ «ብሪስክ» ነው፤ ይኸው ቃል ፈጠን ላለ የእግር ጉዞም ያገለግላል።

ቡናው ላይ ትንሽ እንቆይ

በዚህ ርዕስ ላይ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ስላለ በዝርዝር ልናገር። ከአንድ ጀበና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይቀዳል። አቦሉ «ስትሮንግ» ነው፣ በረካው «ዊክ»። እኛ ወፍራምና ቀጭን ብንልም «ቲክ» ወይም «ቲን» ብላችሁ እንዳትተረጉሙ፤ «ቲክ ኮፊ» የተባለው እንግዳ ገንፎ የመሰለ ነገር ይጠብቃል። ለሻይም ያው ነው፤ ወፈር ያለ ሻይ «ስትሮንግ ቲ» ነው። «ፓወርፉል ቲ» ግን ማንም እንግሊዝኛ ተናጋሪ የማይለው ነው፤ «ፓወርፉል» ከሞተር፣ ከኮምፒውተር፣ ከንግግር፣ ከመድኃኒት ጋር ነው የሚሄደው።

ወደ ቀማሾች ክፍል ስትገቡ ነገሩ ይረቃል። ቀማሽ «ስትሮንግ» ሲል ውኃው ውስጥ ምን ያህል ቡና እንደገባ መናገሩ ነው፤ ያ ደግሞ የአፈላሉ ጉዳይ እንጂ የፍሬው ባሕርይ አይደለም። ምላስ ላይ የሚሰማው ክብደት «ቦዲ» ይባላል፤ ክብደቱ ሙሉ ሲሆን «ፉል ቦዲድ» ይሉታል። አንድ ቡና ቀጠን ተደርጎ ተፈልቶም ቢሆን ጥሩ «ቦዲ» ሊኖረው ይችላል። የአሲዱ ንቃት ደግሞ «ብራይት» ወይም «ላይቭሊ» ነው። የታጠበ የይርጋጨፌ ቡና የሚወደደው በዚህ ነው፤ ሎሚና አበባ አበባ የሚል ንቃት አለው። ለገዢ በምትጽፉት መግለጫ «ስትሮንግ ይርጋጨፌ» ብትሉ የቡናውን ዋና ጸጋ ሳትናገሩለት ቀራችሁ ማለት ነው።

«ሮበስት» የሚለውን ቃል በተመለከተ አንድ ምክር አለኝ። ቃሉ የመጣው በላቲን የዋርካን ያህል ግዙፍ ከሆነው የአውሮፓ የኦክ ዛፍ ስም ነው፤ ጤነኛ፣ ደንዳና፣ በቀላሉ የማይናጋ ማለት ነው። «ሮበስት ኢኮኖሚ»፣ «ሮበስት ሲስተም»፣ «ሮበስት ኤቪደንስ» ሁሉ ያስኬዳል። ሮቡስታ የሚባለው የቡና ዝርያም ስሙን ያገኘው ተክሉ በሽታንና ሙቀትን ስለሚቋቋም ነው፤ ካፌይኑም ከአረቢካ ይበልጣል። የእኛ ቡና አረቢካ ነው። ስለዚህ ምንም እንኳ ቃሉ ለጣዕም መግለጫ የሚውል ቢሆን፣ የአረቢካ ናሙና ስታስተዋውቁ ባትነኩት ይሻላል፤ የገዢው ጆሮ ሮቡስታን ያስታውሳልና።

ኃይል፣ ጉልበት፣ ጥንካሬ በሙያ ጽሑፍ

በዕለት ተዕለት ንግግር የቃላት ምርጫ የልማድ ነገር ነው ብያለሁ። በምሕንድስና ግን ትርጉሙ በልኬት የተወሰነ ስለሆነ መወላወል የለም። እኛ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ የመከላከያ ኃይል፣ የሰው ኃይል እያልን አንዱን ቃል በሁሉም ቦታ እናውላለን። እንግሊዝኛው ይለያያል። «ፎርስ» የሚገፋው ወይም የሚስበው ነው፤ በኒውተን ይለካል። «ኢነርጂ» ሥራ ለመሥራት የሚያስችለው ክምችት ነው፤ በጁል ይለካል። «ፓወር» ያ ኢነርጂ በምን ፍጥነት ጥቅም ላይ እንደሚውል ይናገራል፤ በዋት ይለካል። «ስትሬንግዝ» ደግሞ አንድ ቁስ ሳይሰበር የሚችለው ጫና ነው፤ በፓስካል ይለካል።

ይህን በምታውቁት ነገር ላይ ፈትኑት። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው ሲባል የሚነገረው ስለ «ፓወር» ነው። በየወሩ በመብራት ሂሳባችሁ ላይ የሚታየው ኪሎዋት ሰዓት ግን «ኢነርጂ» ነው። ፎርማኖችም ይህን ያዙ፦ ሲ-25 የምትሉት ኮንክሪት በ28ኛው ቀን ሲፈተሽ 25 ሜጋፓስካል መቋቋም የሚገባው ነው፤ ይህ «ኮምፕሬሲቭ ስትሬንግዝ» ይባላል። ሪፖርት ላይ «ፓወር ኦቭ ኮንክሪት» ብሎ የጻፈ ሰው ሥራውን ጠንቅቆ ቢያውቅም አማካሪው መጠርጠር ይጀምራል። ያ ለማንም አይገባም።

ፌሮ ኮንክሪቱን ሲያጠናክረው ግሡ «ሪኢንፎርስ» ነው፤ ውስጥ ገብቶ መደገፍን ያሳያል። ከዚያ ተነሥታችሁ ወደ ሌላ ጉዳይ ልትወስዱት ትችላላችሁ፤ ክርክርን በማስረጃ፣ ጦርን በተጨማሪ ሠራዊት «ሪኢንፎርስ» ማድረግ ይቻላል። «ስትሬንግዘን» ሰፊው ቃል ነው፤ ለጡንቻም፣ ለወዳጅነትም፣ ለተቋምም ይሆናል። «ቡስት» በአጭር ጊዜ ከፍ ማድረግ ነው፤ ለሽያጭ፣ ለምርት፣ ለሞራል ይሆናል፤ ለግድግዳ ግን አይሆንም።

ከሩጫ የሚገኙ ቃላት

የእንግሊዝኛ ስፖርት ዘጋቢዎች ብርታትን በዓይነት በዓይነቱ መለየት የተማሩት እኛን እየተመለከቱ ነው ብል ደስ ይለኛል፤ ቢያንስ በረጅም ርቀት ሩጫ ምሳሌው ሞልቶናል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን ሲያሸንፍ የታየው «ኢንዱራንስ» ነው። ቃሉ መከራን መቻልን ይጨምራል፤ ግሡ «ኢንዱር» መታገሥ ነውና። «ስታሚና» ቅርብ ዘመዱ ነው፤ ሳይደክሙ መቀጠልን ያጎላል። በላቲን የሽመና ድር ክሮችን ይመለከት የነበረ ቃል ነው፤ የሕይወት ክር ከሚለው ጥንታዊ አስተሳሰብ የመጣ ነው። ስለ ፈተና ሰሞን ጥናትና ስለ ረጅም የሥራ ፈረቃ ስትጽፉ «ስታሚና» ጥሩ ቃል ነው።

ምሩፅ ይፍጠር ግን ሌላ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ሞስኮ ላይ 5,000ንም 10,000ንም ያሸነፈው በመጨረሻው ዙር በድንገት በመፈትለክ ነበር። እኛ ማርሽ ቀያሪው አልነው፤ እንግሊዝኞቹም «ይፍተር ዘ ሺፍተር» አሉት። ያን የመጨረሻ ፍትለካ «ኪክ» ይሉታል። በውድድሩ መሐል ፍጥነት መጨመር ደግሞ «ሰርጅ» ነው። ይህ «ሰርጅ» ከስታዲየም ወጥቶ ለዋጋ መናርም፣ ወደ በር ለሚገፋ ሕዝብም ያገለግላል። ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በሰከንድ መቶኛ ሽርፍራፊ ሲቀድመው የነበረውን አጨራረስ «ስትሮንግ ፊኒሽ» ማለት ይቻላል፤ «ስትሮንግ» እዚህ በቦታው ነው።

ደራርቱ ቱሉን የሚገልጸው ቃል «ሪዚልየንት» ነው። በባርሴሎና 1992 አሸነፈች፤ ወለደች፤ ተመልሳ በሲድኒ 2000 ደግማ ወርቅ ወሰደች፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የኒውዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። «ሪዚልየንት» ማለት ተጎንብሶ ቀና የሚል፣ ተመትቶ የሚመለስ ማለት ነው። ጭራሽ ያልተጎነበሰን ነገር «ሪዚልየንት» አትበሉት። ፈተና ያልደረሰበት ድርጅት «ስትሮንግ» ሊሆን ይችላል፤ «ሪዚልየንት» መሆኑ ግን ገና አልታየም። ድርቅን የሚቋቋመው እንሰት ደግሞ «ሃርዲ» ነው፤ ይህ ቃል ለተክልና ለከብት፣ አስቸጋሪ ሁኔታ ውስጥ ለሚኖር ሰውም ይሆናል።

ንቃት፣ ሕይወት፣ ድምቀት

«ላይቭሊ» ለውይይት፣ ለልጅ፣ ለሙዚቃ፣ ለሰፈር የሚሆን የሚወደድ ቃል ነው። መጨረሻው ላይ ያለው «ሊ» ተውሳከ ግሥ ያስመስለዋል፤ ነገር ግን ቅጽል ነው። ስለዚህ «ሺ ዳንስድ ላይቭሊ» ስህተት ነው፤ «ኢነርጄቲካሊ» በሉት። «አላይቭ» ከስም በፊት አይገባም፤ ሰውየው «ኢዝ አላይቭ» ይባላል እንጂ «አን አላይቭ ማን» አይባልም። ከስም በፊት ከሆነ «ሊቪንግ» ነው። «ላይቭ» በቀጥታ ለሚተላለፍ ስርጭትና ኤሌክትሪክ ላለበት ሽቦ ነው።

«ቪቪድ» ለትዝታ፣ ለሕልም፣ ለቀለም፣ ለገለጻ ነው፤ ስለ ሰው አይነገርም። ሰውን በዚያ መንፈስ መግለጽ ስትፈልጉ «ቪቬሺየስ» አለ፤ ነገር ግን ከሞላ ጎደል ለሴት ብቻ የሚነገር ስለሆነ በሥራ ደብዳቤ ላይ አልመክረውም።

ከሁሉ የሚያሳስተው «ቫይታል» ነው። ስሙ «ቫይታሊቲ» ሕያውነትና ብርታት ማለት ስለሆነ ቅጽሉም «ብርቱ» ይመስላል። በተለመደው አነጋገር ግን «ቫይታል» እጅግ አስፈላጊ ማለት ነው። «ሂ ኢዝ ኤ ቫይታል ዎርከር» ማለት ያለ እሱ ሥራው አይሄድም ማለት ነው፤ ስለ ጉልበቱ ምንም አይናገርም። የሕይወት ትርጉሙ በሆስፒታል ቀርቷል፦ ነርሶች «ቫይታል ሳይን» ብለው የሚመዘግቡት የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ የደም ግፊትና ሙቀት ነው። በዚያው መዝገብ ላይ ሕመምተኛው ንቁ ሆኖ አካባቢውን ሲያውቅ «አለርት ኤንድ ኦሪየንትድ» ይባላል። በአሜሪካ በነርስነትና በአረጋውያን እንክብካቤ የሚሠሩ ወገኖቻችን ይህን ሐረግ በየፈረቃው ይጽፉታል። «አክቲቭ» ቢሉ ሕመምተኛው ይንቀሳቀሳል ማለት ይሆንና ሌላ ነገር ይሆናል። «አክቲቭ» ሥራ ላይ ላለ፣ ላልተኛ ነገር ነው፤ ለዚህ ነው በአፋር ያለው ኤርታሌ «አክቲቭ ቮልኬኖ» የሚባለው።

አስጎብኚዎች ደግሞ እነዚህን ሦስት ቃላት ለይታችሁ ያዙ። መርካቶ «ባስሊንግ» ነው፤ ሰው ሲወጣ ሲገባ፣ ተሸካሚ «ዞር በል!» ሲል፣ ሁሉም ሲጣደፍ ማለት ነው። ጥምቀት «ቫይብራንት» ነው፤ ይህ ቃል ከመንቀጥቀጥ፣ ከመርገብገብ የመጣ ስለሆነ ለቀለምና ለድምፅ ይስማማል፤ ከበሮና ጸናጽል ላለበት በዓል ከዚህ የተሻለ አላውቅም። «ጁቢላንት» በደስታ ለሚፈነድቀው ሕዝብ ነው። ሦስቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አትደርድሩ፤ አንዱን መርጣችሁ፣ ምን እንደሚታይ ጻፉበት።

ሰውን ስታመሰግኑ

አንዳንድ ቃል ምስጋና መስሎ ውስጡ ሌላ ነገር ይዟል። «ስፕራይ» ወይም «ስፕራይትሊ» የሚባለው በአብዛኛው ዕድሜው ገፍቶ ቀልጠፍ ያለ ሰው ነው፤ «በዚህ ዕድሜው?» የሚል መገረም አብሮት አለ። ለአረጋዊ አጎታችሁ በፍቅር ልትሉት ትችላላችሁ፤ ለአንጋፋ ባለሥልጣን ግን አይላክም። «ስታውት» ድሮ ደፋርና ጽኑ ማለት ነበር፤ ዛሬ ስለ ሰው ቁመና ሲነገር ወፍራም የሚለውን በጨዋ ቋንቋ መናገር ነው። «ፋይስቲ» ትንሽ ሆኖ የማይበገርን ሰው ይገልጻል፤ በተለይ ለሴቶች ሲባል ንቀት ይሸታል፤ ብዙዎቹም አይወዱትም። «አሰርቲቭ» በሉ፤ ሐሳቧን ሳትፈራ በጨዋነት የምትናገር ማለት ነው። «ፎርስፉል» ከዚያ ጠንከር ይላል። «አግሬሲቭ» በእንግሊዝ ጆሮ ጠበኛ ነው፤ በአሜሪካ የንግድ ቋንቋ ግን ቆራጥና ደፋር ለሆነ ዕቅድ በበጎ ይነገራል። ለማን እንደምትጽፉ እወቁ።

«በርታ» እና «በርቺ»ም ሁለት መልክ አላቸው። ሥራ ላይ ላለ ሰው ከሆነ «ኪፕ ኢት አፕ» ነው። ሐዘን ለደረሰበት «ቢ ስትሮንግ» ማለት ግን «አታልቅስ» የሚል ትእዛዝ ሊመስል ይችላል። የእኛን «ጥናቱን ይስጣችሁ» የሚመስል በእንግሊዝኛም አለ፤ «ሜይ ጎድ ጊቭ ዩ ስትሬንግዝ»። በእምነት ቤተሰብ ዘንድ እንደ እኛው ከልብ ይደርሳል።

የሥራ ማመልከቻ

«አይ አም ዳይናሚክ፣ ኢነርጄቲክ ኤንድ ሃርድወርኪንግ» የማይል የሥራ ታሪክ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። ቃላቱ አልተበላሹም። አልፍሬድ ኖቤል እ.ኤ.አ. በ1867 ፈንጂውን ዲናሚት ብሎ ሲሰይም የተጠቀመው የ«ዳይናሚክ»ን የግሪክ ሥር ነው፤ ያን ያህል ጉልበት ያለው ቃል ነው። ነገር ግን ቀጣሪው በአንድ ቀን ብዙ ማመልከቻ ስለሚያይ፣ ሁሉም የሚለውን ማንም አያነብም። ቅጽሉን አውጡና ግሥ አስገቡ፤ «ሌድ»፣ «ትሬይንድ»፣ «ቢልት»፣ «ሪፔርድ»፣ «ካት»። «ኢነርጄቲክ ስቶር ኪፐር» ከማለት፣ በእናንተ ጊዜ የመጋዘኑ የዕቃ ጉድለት ምን ያህል እንደቀነሰ በቁጥር ጻፉ። ብርታቱ ከዚያ ይታያል።

እባካችሁ አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ «አይ ወርክ ሃርድ» እና «አይ ሃርድሊ ወርክ» ተቃራኒ ናቸው። «ሃርድሊ» ማለት «እምብዛም» ነው። ተውሳከ ግሥ ለማድረግ ብሎ መጨረሻው ላይ «ሊ»ን የጨመረ አመልካች «እኔ እምብዛም አልሠራም» ብሎ ይፈርማል። «ኢንደስትሪየስ» ታታሪ ነው፤ «ኢንደስትሪያል» የፋብሪካ ነው።

ደብተሩ እንዴት ይያዝ

አንድ ገጽ ለአንድ ቃል ስጡ። በላይ ቃሉን፣ ከሥሩ አብረውት የሚሄዱትን ስሞች፣ ከዚያ የማይሄዱትን፣ በመጨረሻ ከማን አፍ እንደሰማችሁት ጻፉ፤ ከነርስ፣ ከሜዳ ዘጋቢ፣ ከሕግ ሰው። የአማርኛ ትርጉሙን ብቻ አትጻፉ፤ ያ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ይመልሳችኋል። ለተማሪ ተብሎ የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ግዙ ወይም ከቤተ መጻሕፍት ተዋሱ፤ ከፍቺው ይልቅ የምሳሌ ዓረፍተ ነገሮቹን አንብቡ። ስትጠራጠሩ ሁለቱን ሐረጎች በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁ በኢንተርኔት ላይ ፈልጉ፤ የትኛው በታወቁ ጋዜጦች ላይ እንደሚገኝ ተመልከቱ። በሳምንት ጥቂት ቃል ይበቃል። በሰባት ቀን ውስጥ በእውነተኛ ደብዳቤ ወይም ንግግር ላይ ያልዋለ ቃል ካለ ገጹን አትዝጉት።

ስለ አነባበብና አጻጻፍ ባጭሩ፦ «ስትሬንግዝ» ብለን በግዕዝ ፊደል ብንጽፈውም መጨረሻው «ዝ» አይደለም፤ ምላስን በጥርሶች መካከል አድርጎ የሚወጣ የትንፋሽ ድምፅ ነው። መነሻው ላይም «እ» አትጨምሩ፤ «እስትሬንግዝ» የእኛ ምላስ ልማድ ነው። «ቪጎር» በእንግሊዞች አጻጻፍ «ዩ» የምትባለው ፊደል አለችበት፣ በአሜሪካኖች የለችም፤ «ቪጎረስ» ላይ ግን በሁለቱም ዘንድ የለችም።

ለመለማመድ እነዚህን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ። «ትናንት ማታ የጣለው ኃይለኛ ዝናብ ጠንካራውን አጥር እንኳ አፈረሰው።» ዝናቡ «ሄቪ»፣ አጥሩ «ስተርዲ»። «አያቴ በ80 ዓመታቸውም አልደከሙም።» እዚህ «ስቲል ጎይንግ ስትሮንግ» የሚለው የተለመደ አባባል ከማንኛውም ቅጽል ይሻላል። «ስብሰባው ሞቅ ያለ ክርክር ነበረበት።» ተሰብሳቢው ከተደሰተ «ላይቭሊ»፣ ከተቆጣ «ሂትድ»። «ሕመምተኛዋ ዛሬ ጠዋት ነቅታለች።» ከእንቅልፍ ከሆነ «አዌክ»፣ ከሰመመን ወጥታ የሚሏትን የምትሰማ ከሆነ «አለርት»። «ገበያው ዛሬ ሞቅ ብሏል።» ሽያጩ ከሆነ «ብሪስክ»፣ የሰው ብዛቱና ግርግሩ ከሆነ «ባስሊንግ»። የራሳችሁን አምስት ዓረፍተ ነገር ከሥራ ቦታችሁ ጨምሩ፤ ከየስሙ አጠገብ የመረጣችሁትን ቃል ጻፉና ከመዝገበ ቃላቱ ምሳሌዎች ጋር አስተያዩት።